የተጠቃሚ አቤቱታና የሠሪው ጆሮ፦ የማክቡክ ፕሮ ለውጥ ከ2016 እስከ 2021

ለሙያው የሚገለገልበትን መሣሪያ ዘወትር በእጁ የሚይዝ ሰው፥ ያ መሣሪያ ሳይመከርበት ተለውጦ በቀረበለት ጊዜ የሚያሰማው ቅሬታ በሠሪው ዘንድ ብዙ ጊዜ ከልማድ ብቻ የመነጨ ጉርምርምታ ተደርጎ ይቈጠራል። ሰው ከለመደው ነገር ሲለይ መከፋቱ የባሕርዩ ስለ ሆነ ይህ አስተያየት ፈጽሞ ሐሰት ነው ለማለት አይቻልም። ነገር ግን በቅሬታው ውስጥ የልማዱን ከእውነተኛው ጉዳት ሳይለዩ ሁሉንም በአንድ ሚዛን መዝኖ መናቅ በሠሪውም በተጠቃሚውም ላይ ምን ያህል ኪሣራ እንደሚያስከትል፥ አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በማክቡክ ፕሮ ላፕቶፖቹ ላይ በ2016 ያመጣውና በ2021 አብዛኛውን መልሶ ያፈረሰው ለውጥ ግልጥ አድርጎ ያስረዳል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ኩባንያው በኦክቶበር 27 ቀን 2016 ለሕዝብ ያቀረበው አዲሱ ማክቡክ ፕሮ ከቀድሞው ይልቅ የቀጠነና የቀለለ ነበር፤ የባለ 15 ኢንቹ ክብደት ከ2.04 ኪሎ ወደ 1.83 ኪሎ፥ የባለ 13 ኢንቹም ከ1.58 ኪሎ ወደ 1.37 ኪሎ ወርዷል። ስክሪኑ ደምቆ፥ ጣት የሚንሸራተትበት ሰሌዳም እጅግ ሰፍቶ ስለ ታየ፥ ያዩት ሁሉ የሥራውን ጥራት አደነቁ። ይሁን እንጂ ቀድሞ በግራና በቀኝ ጐኑ ተደርድረው የነበሩት መሰኪያዎች፥ ይኸውም ፍላሽና ማውዝ የሚሰካበት የተለመደው ዩኤስቢ፥ ከቴሌቪዥንና ከፕሮጀክተር የሚያገናኘው ኤችዲኤምአይ፥ ፎቶግራፍ አንሺዎች ከካሜራቸው የሚያወጡት የሚሞሪ ካርድ ማስገቢያ፥ እንዲሁም ከ2006 ጀምሮ በማግኔት እየተያዘ ገመዱ በእግር ሲጠለፍ ላፕቶፑን ሳይጥል የሚላቀቀው ማግሴፍ የተባለው የቻርጀር መሰኪያ፥ ሁሉም ተወግደው በምትካቸው አንድ ዓይነት ቅርጽ ያላቸው አራት የዩኤስቢ-ሲ መሰኪያዎች ገቡ። ከኪቦርዱ በላይ በአንድ ረድፍ የነበሩት ቁልፎች ከኢስኬፕ ቁልፍ ጋር ተነሥተው ታች ባር የተባለ፥ እንደሚሠራበት ፕሮግራም መልኩን የሚለዋውጥ ቀጭን የመስተዋት ስክሪን ተተካ። ኪቦርዱም ራሱ፥ በ2015 በባለ 12 ኢንቹ ማክቡክ ላይ አስቀድሞ የታየውን፥ ባተርፍላይ ማለት ቢራቢሮ የሚባለውን ስልት ተከተለ። ከታች ባር የዳነው በዋጋ ዝቅ ያለው ባለ 13 ኢንቹ ሞዴል ብቻ ሲሆን፥ ለእርሱም የተሰጡት መሰኪያዎች ሁለት ብቻ ነበሩ።

ኩባንያው ይህን ያህል ለውጥ በአንድ ቀን ለማድረግ የደፈረበት ምክንያት በታሪኩ ውስጥ ይገኛል። በ1998 አይማክ የተባለውን ኮምፒውተር ባወጣ ጊዜ፥ የዚያ ዘመን ሰው ሥራውን የሚያኖርበትን የፍሎፒ ዲስክ ማንበቢያ አስቀርቶ ገና አዲስ በነበረው በዩኤስቢ ላይ እምነቱን ጣለ፤ በ2008ም ማክቡክ ኤር የተባለውን ቀጭን ላፕቶፕ ያለ ሲዲ ማንበቢያ ለገበያ አቀረበ። በሁለቱም ጊዜ ነቀፌታ ዘነበበት፥ በሁለቱም ጊዜ ግን ዘመን ፈረደለት፤ ጥቂት ዓመታት አልፈው ፍሎፒም ሲዲም ከነቃፊዎቹ ጠረጴዛ ላይ ሳይቀር ጠፉ። እንዲህ ያለውን ድል ደጋግሞ የቀመሰ ተቋም ውሎ አድሮ አንድ አደገኛ ትምህርት ይማራል፤ ይኸውም ነቀፌታ የስሕተት ምልክት መሆኑ ይቀርና የቀዳሚነት ማስረጃ መስሎ ይታየዋል። የሚቃወሙት ሰዎች በበዙ ቍጥር እርሱ ከዘመኑ የቀደመ እንደ ሆነ እየተሰማው፥ የሚነገረውን ቃል በመመርመር ፋንታ የተናጋሪዎቹን ድካም ይጠብቃል። በ2016 የሆነው ይህ ነው ብለን እናምናለን፤ የጥፋቱም ሥር ከኪቦርዱም ከመሰኪያውም ይልቅ በዚህ አስተሳሰብ ውስጥ መፈለግ አለበት።

የልማድ ቅሬታ

ያን ጊዜ የተሰማው ጩኸት ከሩቅ ለሚሰማው አንድ ድምፅ ቢመስልም፥ ቀርቦ ለመረመረው ግን ሦስት ደረጃዎች ነበሩት። የመጀመሪያው የልማድ ቅሬታ ነው። የቀድሞው ዩኤስቢ መወገዱ ሰውን ያስቈጣበት ምክንያት ግልጥ ነበር፤ ከዚያው ኩባንያ በአንድ ቀን አይፎንና ማክቡክ ፕሮ የገዛ ሰው፥ ከስልኩ ጋር በካርቶን ውስጥ የተሰጠውን ገመድ በላፕቶፑ ላይ ለመሰካት ሲሞክር የሚገባበት ቀዳዳ አያገኝም ነበርና። ኩባንያውም ይህን ቅሬታ ሰምቶ በኖቬምበር 2016 የአዳፕተሮቹን ዋጋ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ቀነሰ፤ ፍላሽ ለመሰካት የሚያገለግለው አዳፕተር ከ19 ዶላር ወደ 9 ዶላር ወረደ።

ይህ ቅሬታ በጊዜው እውነተኛ ችግር የነበረበት ቢሆንም፥ ዓመታት ሲያልፉ ራሱን በራሱ የሚፈውስ ዓይነት ነበር። የስልኩም፥ የታብሌቱም፥ የስክሪኑም ገመድ ቀስ በቀስ ወደ አንዱ ቅርጽ ተሰበሰበ፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2022 ባወጣው ሕግ ስልኮችና ሌሎች ጥቃቅን መሣሪያዎች ሁሉ በዩኤስቢ-ሲ ኃይል እንዲሞሉ ሲያዝዝ፥ ለላፕቶፖች ግዴታው ከአፕሪል 2026 ጀምሮ እንዲጸና ደነገገ። በዚህ ረገድ ኩባንያው አርቆ አይቷል፤ ለተቃዋሚዎቹ የሚያደላ ተንታኝም ቢሆን ይህን ሊክደው አይገባም። የታሪኩ አስተማሪነት የሚጀምረው፥ በዚህ አንድ ነገር ትክክል መሆኑ በሌሎቹም ሁሉ ትክክል እንደ ሆነ አስመስሎ ባሳየበት ላይ ነው።

የሥራ ቅሬታ

ሁለተኛው ደረጃ የሥራ ቅሬታ ነው፤ ይህም ጊዜ የማይፈውሰው ነው፤ ጉዳቱ በሰውየው ልማድ ላይ ሳይሆን በሥራው ጠባይ ላይ የደረሰ ነውና። የሠርግ ፎቶግራፍ አንሺ ካርዱን ከካሜራው አውጥቶ ወደ ላፕቶፑ የሚያስገባበት ፍላጎት፥ መምህርም በየአዳራሹ ከተሰቀለው ፕሮጀክተር ጋር የሚገናኝበት ፍላጎት፥ አዲሱ መሰኪያ ስለ መጣ የሚያልፍ አልነበረም፤ አዳፕተሩን በቤቱ የረሳ ዕለት ሥራው ይቆማል። የማግሴፍም ነገር እንዲሁ ነው፤ ገመድ በእግር መጠለፉ ከሰው ልጅ አካሄድ ጋር የተያያዘ አደጋ እንጂ የዘመን ፋሽን አይደለም።

ከሁሉም ይልቅ ግን የዚህን ደረጃ ምሥጢር የሚገልጠው የታች ባር ጉዳይ ነው። ታች ባር በብልኃት የተሠራ፥ ለዓይን ደስ የሚያሰኝ፥ ፎቶግራፍ ለሚያስተካክልም ሆነ ፊልም ለሚቈርጥ ሰው አዲስ መንገድ የሚያሳይ ነገር ነበር። ነገር ግን ቁም ጸሐፊ ብርዑን ወደ ቀለም ቀንዱ ሲሰድድ ዓይኑን ከብራናው እንደማያነሣ ሁሉ፥ በኪቦርድ የሠለጠነ ሰውም ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ በጣቱ ብቻ ቁልፉን ፈልጎ ያገኛል፤ የቁልፉ ጠርዝና ጐድጓዳነት፥ ሲጫኑትም የሚሰጠው ምላሽ፥ ለጣት መንገድ የሚመራው እርሱ ነው። ለስላሳ መስተዋት ግን ለጣት የሚናገረው ነገር የለም። ስለዚህ ድምፅ ለመቀነስ የፈለገ ሰው ዓይኑን ወደ ታች መስደድ ግድ ሆነበት፤ በኪቦርዱ ላይ ጣቱን ያሳረፈም ሰው ሳያስበው ሲሪ የምትባለዋን ረዳት ይቀሰቅስ ነበር። ቪም በተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ የሚሠሩ ፕሮግራመሮች የኢስኬፕን ቁልፍ በሥራ ቀን ውስጥ እጅግ ደጋግመው ስለሚጫኑት፥ የእርሱ ወደ መስተዋትነት መለወጥ ከሁሉ የበለጠ አስመረራቸው። እነዚህ ሰዎች አዲስ ነገር ጠልተው አልነበረም፤ ሙያቸው አዳዲስ ፕሮግራም መፍጠር ነውና። የተናገሩት ስለ ጣትና ስለ ዓይን አገልግሎት ነበር፤ ይህንንም ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

የእምነት ቅሬታ

ሦስተኛውና ከባዱ ደረጃ የእምነት ቅሬታ ነው፤ እርሱም በኪቦርዱ ምክንያት መጣ። በቀድሞው ስልት ከእያንዳንዱ ቁልፍ በታች እንደ መቀስ የሚተላለፉ ሁለት ጥቃቅን ፕላስቲኮች ሆነው ቁልፉን ሲያወርዱና ሲያነሡ፥ በአዲሱ ስልት ግን እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ከመካከል የሚታጠፍ አንድ ዝርግ አካል ተተካ። ዓላማው ሁለት ነበር፤ አንደኛው ቁልፉ የትም በኩል ቢነካ ሳይወላገድ እኩል እንዲወርድ፥ ሁለተኛውም ላፕቶፑ እንዲቀጥን ነው። ቁልፉ የሚወርደው ርቀት ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ብቻ በመሆኑ፥ ከበታቹ የቀረው ባዶ ስፍራ እጅግ ጠባብ ነበር። በዚያ ጠባብ ስፍራ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ወይም የዳቦ ፍርፋሪ ስትገባ መውጫ አታገኝም፤ ከዚያ በኋላ ቁልፉ ወይ ሳይጽፍ ይቀራል፥ ወይ አንዱን ፊደል ሁለት ጊዜ ይጽፋል፥ ወይም ተጣብቆ ይቀራል።

ኩባንያው በዚህ ጊዜ የሰጠው መመሪያ ለነገሩ ክብደት ምስክር ይሆናል። ተጠቃሚው ላፕቶፑን በ75 ዲግሪ አዘንብሎ እንዲይዝ፥ በታመቀ አየር ኪቦርዱን ከግራ ወደ ቀኝ እንዲነፋ፥ ከዚያም መሣሪያውን ወደ ጐኑ እያዞረ ያንኑ እንዲደግም ይመክር ነበር። ከሺህ ዶላር በላይ የተከፈለበትን የሙያ መሣሪያ እንዲህ እያገላበጡ መንፋት፥ ያውም ብዙ ጊዜ ያለ ውጤት፥ ባለሙያውን ምን ያህል እንዳስከፋው መገመት አያዳግትም። መንፋቱ ካልረዳም ጥገናው ቀላል አልነበረም፤ ኪቦርዱ ከላይኛው አካል ጋር እንዳይፈታ ሆኖ ተያይዞ፥ ባትሪውም በዚያው አካል ላይ በሙጫ ተጣብቆ ስለ ነበር፥ ለአንዲት ቁልፍ ሲባል የላፕቶፑ እኩሌታ ይለወጥ ነበር፤ የዋስትናው ጊዜ ያለፈበት ሰውም ለዚህ በብዙ መቶ የሚቈጠር ዶላር ይጠየቅ ነበር።

ይህ ጉዳት በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ የተለየ ምሬት ነበረው። ፊደላችንን በላቲን ኪቦርድ ላይ በድምፅ በምንጽፍበት ስልት፥ ከሁለት መቶ የሚበልጡት ፊደሎቻችን አብዛኞቹ የሚገኙት ከአንዱ የተናባቢ ቁልፍ በኋላ አንዱን የአናባቢ ቁልፍ በማስከተል ነው። ስለዚህ በአንድ ገጽ ጽሑፍ ላይ ጥቂቶቹ የአናባቢ ቁልፎች ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ይመታሉ። ከእነርሱ አንዱ ሳይጽፍ ሲቀር ግእዙ ሳድስ ሆኖ ይወጣል፥ አንዱ ሁለት ጊዜ ሲጽፍም ያልታሰበ ፊደል በቃሉ መካከል ይሰነቀራል። በዋሽንግተንም ሆነ በአዲስ አበባ በእንዲህ ያለ ላፕቶፕ የሚጽፍ ሰው ያለቀ ጽሑፉን እንደ ገና ቃል በቃል እየለቀመ ለማረም ይገደዳል ማለት ነው።

የኩባንያው አካሄድ ከጉዳቱ ይልቅ እምነትን የጎዳ ነበር። በጁላይ 2018 በወጣው ሞዴል ከቁልፎቹ ሥር ስስ የሲሊኮን ሽፋን ሲጨመር፥ ለሕዝብ የተነገረው ኪቦርዱ ድምፁ እንደ ቀነሰ ነበር፤ ላፕቶፑን ፈታተው የመረመሩት የአይፊክሲት ባለሙያዎች ግን ሽፋኑ አቧራ ለመከልከል የገባ እንደ ሆነ አስረዱ። ከዚያ በፊት በጁን ወር ኩባንያው ከተገዙ አራት ዓመት ያልሞላቸውን ኪቦርዶች ያለ ዋጋ ለመጠገን ተስማምቶ ነበር። በማርች 2019 የዎል ስትሪት ጆርናል ዐምደኛ ጆአና ስተርን፥ የላፕቶፕዋ ቁልፎች ስለ ከዷት፥ ሁለት የላቲን ፊደላት የጐደሉበትን ጽሑፍ እንዳለ አሳተመች፤ ኩባንያውም ችግሩ የደረሰው በጥቂት ሰዎች ላይ እንደ ሆነ ገልጦ ይቅርታ ጠየቀ። በሜይ 2019 ደግሞ አዲስ ሞዴል ባወጣበት በዚያው ቀን ያንኑ አዲስ ሞዴል በነጻ ጥገናው መዝገብ ውስጥ ጨመረው። ገና ያልተሸጠን ዕቃ አስቀድሞ ለጥገና መመዝገብ ለገዢው ዋስትና ሲሆን፥ ሠሪው በሥራው ላይ የነበረው እምነት እንደ ላላም ምስክር ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንደሚባለው፥ በሥራው መካከል መሣሪያው የከዳው ሰው ከዚያ በኋላ የሚነገረውን የማሻሻያ ዜና በቀድሞው ልብ አልሰማውም።

ሽያጭ የማይናገረው

በዚህ ስፍራ አንድ ጠንካራ መከራከሪያ ሊነሣ ይችላል፤ ይኸውም ሕዝቡ ይህን ያህል ከተከፋ ለምን ገዛ የሚለው ነው። በእርግጥም አዲሱ ሞዴል በወጣበት ሩብ ዓመት የኩባንያው የማክ ገቢ 7.2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ደርሶ እስከዚያ ዘመን ድረስ ያልታየ ከፍታ ላይ ወጥቷል። ነገር ግን ይህ ቍጥር የሚናገረውን ያህል የሚደብቀውም አለ። ሥራው ሁሉ በማክ ፕሮግራሞች ላይ የተመሠረተ ሰው መሣሪያው ባይስማማውም ወደ ሌላ ለመሄድ ዕውቀቱንና ፋይሎቹን ይዞ መፍለስ ይኖርበታል፤ ስለዚህ እየተከፋም ይገዛል። ሽያጭ የሚቈጥረው የገዛውን ሰው እጅ እንጂ ልቡን አይደለም። ይልቁንም የተሻለው ምስክር፥ ኩባንያው ራሱ የ2015ቱን ባለ 15 ኢንች ማክቡክ ፕሮ ከነአሮጌዎቹ መሰኪያዎቹ እስከ ጁላይ 2018 ድረስ በአዲሱ አጠገብ መሸጡ ነው።

የሌላም ኩባንያ ታሪክ ይህንኑ ያጠናክራል። አይቢኤም በ1992 የጀመረውና በ2005 ወደ ሌኖቮ የተላለፈው ቲንክፓድ የተባለው ላፕቶፕ፥ በኪቦርዱና በመካከሉ ባለችው፥ እንደ ማውዝ በምታገለግለው ቀይ ነጥብ ምክንያት ታማኝ ወዳጆችን ያፈራ ነበር። በ2012 ሰባት ረድፍ የነበረው ኪቦርዱ ወደ ስድስት ሲቀነስ ብዙዎች አዘኑ፤ በ2013 ደግሞ ከቀይዋ ነጥብ ጋር የሚሠሩት ሦስቱ ቁልፎች ተነሥተው ሰሌዳው ራሱ እንዲጫን ሲደረግ ሐዘኑ ወደ ቍጣ ተለወጠ። ሌኖቮ በ2015 ሦስቱን ቁልፎች መለሰ፤ ስድስቱን ረድፍ ግን በዚያው አጸና። በዚያው ዓመት የንድፍ ኃላፊው ዴቪድ ሂል ወዳጆቹን በግልጽ መጠይቅ ምን እንደሚሹ ጠየቃቸው፤ የዚህም ፍሬ የሆነው ባለ ሰባት ረድፉ የ25ኛ ዓመት መታሰቢያ ቲንክፓድ በ2017 ወጣ። ሥራን ያገደው ለውጥ በሁለት ዓመት ውስጥ ሲታረም፥ ልማድን ብቻ የነካው ጸንቶ ቀረ፤ የቀድሞውን ለሚናፍቁትም አንድ መታሰቢያ ተሠራላቸው። የቅሬታ ደረጃዎች በቅን ልቡና ከተመረመሩ ሊለዩ እንደሚችሉ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

መመለስና ትምህርቱ

አፕልም በመጨረሻ ወደዚሁ ደረሰ። በኖቬምበር 2019 የወጣው ባለ 16 ኢንቹ ማክቡክ ፕሮ ወደ መቀስ ስልት ተመልሶ ቁልፉ አንድ ሚሊሜትር እንዲወርድ ሆነ፤ የኢስኬፕም ቁልፍ ከመስተዋቱ ተለይቶ ስፍራውን አገኘ። በኦክቶበር 2021 በወጡት ባለ 14ና ባለ 16 ኢንች ሞዴሎች ላይ ታች ባር ተነሥቶ የላይኛው የቁልፎች ረድፍ በሙሉ ቁመቱ ተመለሰ፤ ኤችዲኤምአይ፥ የሚሞሪ ካርድ ማስገቢያና ማግሴፍም አብረው መጡ። የባለ 16 ኢንቹ ክብደት ወደ 2.1 ኪሎ ስለ ወጣ፥ በ2016 በታላቅ ድካም የተቀነሰው ክብደት ሁሉ ተመልሶ ገባ፤ ባለሙያዎቹ ግን ስለ ክብደቱ ከማጉረምረም ይልቅ ደስ አላቸው። ለዚህ ደስታ የኩባንያው አዲስ ፕሮሰሰሮች ፍጥነት ትልቅ ድርሻ እንደ ነበረው ባይካድም፥ በየግምገማው ስለ መሰኪያዎቹ መመለስ የተነገረው ምስጋና ከፕሮሰሰሩ ያላነሰ ነበር።

ልብ ሊባል የሚገባው ግን ያልተመለሰው ነው። የቀድሞው ዩኤስቢ አልተመለሰም፥ ብዙ ሰውም አልጠየቀው፤ በልማድ ላይ የተመሠረተው ቅሬታ በአምስት ዓመት ውስጥ በራሱ ጊዜ ተፈውሶ ነበርና። የሥራ ቅሬታ የሆኑት በሙሉ፥ የእምነት ቅሬታ የሆነውም ኪቦርድ፥ ተመለሱ። ስለ ኪቦርዱም በፍርድ ቤት ተከሶ የነበረው ኩባንያ በ2022 ጥፋተኛነቱን ሳያምን 50 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት፥ መሣሪያ የሚሠሩ ሰዎች ለውጥን ይፍሩ የሚል አይደለም፤ እንዲህ ቢሆን ኖሮ ዛሬም በፍሎፒ ዲስክ በቀረን ነበር። ትምህርቱ፥ ለውጥ ሲያደርጉ የቀድሞውን በር ሙሉ በሙሉ ከመዝጋታቸው በፊት አዲሱ በሥራ ላይ የሚፈተንበትን ዘመን ይስጡ፥ ቅሬታውንም በብዛቱ ወይም በጩኸቱ ሳይሆን በዓይነቱ ይለዩ የሚል ነው። «ለመድሁት» የሚለውና «ሥራዬ ቆመ» የሚለው በአንድ ቍጣ ሊነገሩ ይችላሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ምርመራ ግን የሠሪው ግዴታ ነው።

ተጠቃሚውም ከዚህ ግዴታ ድርሻ አለው። «አዲሱ ከአሮጌው ባሰ» ከማለት ይልቅ፥ የትኛው ቁልፍ፥ በየትኛው ሥራ ላይ፥ ምን እንዳስቀረበት ለይቶ የሚናገር ሰው፥ አቤቱታው ከጉርምርምታ ወጥቶ ምስክርነት ይሆናል። በ2016 የመጨረሻ ወራት ፎቶግራፍ አንሺዎች ስለ ካርድ ማስገቢያው፥ ፕሮግራመሮችም ስለ ኢስኬፕ ቁልፍ የሰጡት ምስክርነት እንዲህ ያለ ነበር፤ ተሰምቶ ቢሆን ኖሮም ዋጋ አያስከፍልም ነበር። ሳይሰማ መቅረቱ ኩባንያውን አምስት ዓመትና የብዙ ወዳጆቹን እምነት አስከፈለው፤ ወደ ፊትም በየትኛውም መሣሪያ ላይ እጁን የሚያነሣ ሠሪ፥ ከመለወጡ በፊት በዚያ መሣሪያ የሚያድሩትን ሰዎች ቀርቦ የመስማት ዕዳ እንዳለበት ይህ ታሪክ ያስተምረዋል።